ዉች፣ ደርሶ መልስ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16 – ከፍራንክፈርት በርሊን

ፍራንክፈርት ከገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው። በርሊን ያሉት አክስቴ ጋ ለመሄድ "ዛሬ ነገ" ስል ግን ሁለት ዓመት አለፈ። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እኛ ቤት ሁሉም ሰው "እትዬ" ነው የሚላቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን አድርገው ወጥተው፣ ያን ጊዜ ምዕራብ በርሊን ይባል በነበረው ከተማ ከገቡ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በደወልኩ ቁጥር "ስሞት ልትመጣ ነው?" ይሉኛል። የአንድ ሳምንት እረፍት ሳገኝ ትኬት ቆረጥኩ።

ቀደም ብሎ ለያዘ ሰው ፈጣኑ ባቡር ርካሽ ነው። እኔ እንደ ልማዴ በመጨረሻው ሰዓት ስለያዝኩ ለመሄጃ ብቻ 74 ዩሮ ወጣብኝ። ተናድጄ ነው የተሳፈርኩት። አራት ሰዓት ከምናምን ተኝቼ ደረስኩ።

እትዬ የሚኖሩት ሾነበርግ የሚባል ሰፈር ነው። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስደርስ የሕንፃው በር ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ጎንበስ ብለው አስፋልቱን ሲፈትጉ አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው ግማሽ ሎሚ፣ አጠገባቸው ደግሞ በስኒ ጨው።

"እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"ምን እሠራለሁ፣ ጎረቤቶቼን እያጠብኩ ነዋ። ሻንጣህን አስገባና ና፣ ሎሚ ቁረጥልኝ።"

ጎረቤቶቻቸው የእግረኛ መንገዱ ላይ የተተከሉ ሦስት የናስ ቁራጮች ናቸው። እያንዳንዳቸው አሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር። ጀርመኖች "ሽቶልፐርሽታይን" ይሏቸዋል፣ የእንቅፋት ድንጋይ ማለት ነው። ጉንተር ደምኒግ የሚባል አርቲስት የጀመረው ሥራ ነው። ዛሬ በመላው አውሮፓ ከ100,000 በላይ ተተክለዋል። ናዚዎች የወሰዷቸው ሰዎች በፈቃዳቸው ይኖሩበት የነበረው የመጨረሻ ቤት በር ላይ ነው የሚቀመጡት። ፍራንክፈርትም ሞልቷል። በየቀኑ እረግጠዋለሁ፣ አንዱንም ጎንበስ ብዬ አንብቤ አላውቅም።

እዚህ ሎሚ ቆራጭ ሆኜ ስለተመደብኩ አነበብኩ። ባል፣ ሚስት፣ አንዲት ሴት ልጅ። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም። "እዚህ ይኖሩ ነበር" ይላል። የተወለዱበት ዓመት። ከዚያ "በ18.10.1941 ተጋዙ፣ ዉች። በ1942 ተገደሉ፣ ኩልምሆፍ።" ዉች የፖላንድ ከተማ ናት፤ ኩልምሆፍ ደግሞ እዚያው ፖላንድ ውስጥ ናዚዎች መግደያ ያደረጓት መንደር።

"ከነገ ወዲያ እኮ ነው ቀኑ" አልኩ።

"ታዲያ ለምን የማጥብ መሰለህ?"

ማታ ሽሮ በላን። አምስት እንጀራ 9 ዩሮ እየገዙ እንደመረራቸው ነገሩኝ። አሁን ጤፍ ላይ ሮገን የሚሉትን ጥቁር እህል ቀላቅለው ራሳቸው ይጋግራሉ። ትንሽ ይጠቁራል፣ እርሾው ግን ልክ ነው። ሦስተኛውን እንጀራ ስጀምር ነው "ለምን ዉች ድረስ አልሄድም?" የሚል ሐሳብ የመጣልኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17 – ሾነበርግ

እትዬ "ሰፈሬን ላሳይህ" ብለው በጠዋት አስነሱኝ። ሰፈሩ የባቫሪያ ሰፈር ይባላል። ከናዚ በፊት ብዙ አይሁድ ሐኪሞች፣ ጠበቆችና ነጋዴዎች ይኖሩበት ነበር። አልበርት አይንሽታይንም እዚሁ ነበር የሚኖረው። በ1933 በርሊን ውስጥ ወደ 160,000 አይሁድ ነበሩ።

የመብራት ምሰሶዎቹ ላይ ቀና ካላሉ የማይታዩ ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። 80 ናቸው። በአንድ ወገን የልጆች መጽሐፍ የሚመስል ሥዕል አለ፤ ዳቦ፣ ወንበር፣ ድመት። በሌላው ወገን አንድ ሕግና ቀኑ ተጽፏል። ሬናታ ሽቲህና ፍሪደር ሽኖክ የሚባሉ አርቲስቶች በ1993 የሠሩት ነው።

ዳቦው ሥር፦ በርሊን ያሉ አይሁድ ምግብ መግዛት የሚችሉት ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው። ጁላይ 1940። (ሰዓቱን ወደኛ ቀይሬዋለሁ።) በዚያ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ምን ይተርፋል? የተጠወለገ ድንችና ጎመን ይሆናል።

ወንበሩ ሥር፦ በባቫሪያ አደባባይ አይሁድ መቀመጥ የሚችሉት ቢጫ በተቀቡት ወንበሮች ላይ ብቻ ነው። 1939። እኛ አደባባዩ ላይ ተቀምጠን ነበር ይህን ያነበብነው። እትዬ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በየመቶ ሜትሩ ማረፍ አለባቸው።

ሌላው ደግሞ አይሁድ የመዘምራን ማኅበር አባል መሆን አይችሉም ይላል። 1933። ሂትለር ሥልጣን በያዘ በዓመቱ እንኳን አይደለም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 7 የወጣው ደግሞ አይሁድ የመንግሥት ሠራተኞችን ከሥራ ያባርራል። እየቆየ አሪያን፣ ናዚዎች "ንጹሕ ዘር" የሚሉት፣ የሆነና ያልሆነ ልጅ አብሮ እንዳይጫወት ተከለከለ። ሬዲዮ ተወሰደ፣ ስልክ ተቆረጠ። በሴፕቴምበር 1941 ከስድስት ዓመት ጀምሮ ያለ ሁሉ ቢጫ ኮከብ ልብሱ ላይ እንዲሰፋ ታዘዘ።

በ1942 ድመት ተከለከለ። ድመት፣ ውሻ፣ ወፍ፣ ምንም የቤት እንስሳ ማሳደር አይቻልም። እዚህ ምሰሶ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ገዳይ ይገድላል፣ ዘራፊ ይዘርፋል፣ እሱ ይገባኛል። ግን አንድ ሰው ቢሮው ተቀምጦ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ "ድመትስ?" ብሎ አስቧል። ረቂቅ ጽፏል። አለቃው ፈርሟል። ጸሐፊዋ በታይፕ መትታዋለች።

"ሰሌዳው የተሰቀለ ሰሞን እኔ ነበርኩ" አሉኝ እትዬ። "ያን ጊዜ ሮስቶክ ላይ የስደተኛ ቤት ካቃጠሉ ዓመት አልሞላውም። ከሥራ ስመለስ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ 'አይሁድ እንዲህ ማድረግ አይችሉም' የሚል ይሰቅላል። 'በቃ ጀመሩ፣ ቀጥሎ እኛ ነን' ብዬ ቤቴ ገብቼ ቆለፍኩ።"

እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ሰፈርተኛው ፖሊስ ጠርቶ ነበር። ኋላ ነው ከሰሌዳዎቹ ሥር መታሰቢያ መሆናቸውን የሚያስረዳ ትንሽ ጽሑፍ የተጨመረው።

መመለሻችን ላይ ቡናና የፖም ኬክ ያዝን፤ ለሁለት ሰው 17 ዩሮ። እትዬ ሂሳቡን ሁለቴ አነበቡት። "በዚህ ብር አንድ ኪሎ ቡና ገዝቼ ወር እጠጣበት ነበር።" ከፋዩ እኔ መሆኔን ሲያዩ ግን ዝም አሉ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18 – ግሩነቫልድና ቫንዜ

ለአገር ውስጥ ባቡርና አውቶቡስ የወር ትኬት አለኝ፤ በ2025 58 ዩሮ ነበር፣ ከፈጣኖቹ ባቡሮች በቀር ሁሉንም ያሳፍራል። ስለዚህ ኤስ 7 የሚባለውን የከተማ ባቡር ይዘን ግሩነቫልድ ወረድን። ሰፈሩ የሀብታም ነው። ቪላ፣ ዛፍ፣ ዝምታ። ቦሌ ድሮ እንዲህ ነበር ይላሉ እትዬ፤ አላመንኳቸውም።

የበርሊን አይሁዶች የተጋዙበት ሐዲድ 17 ከጣቢያው ጎን ነው። ባቡር አይመጣበትም። ሐዲዶቹ መሐል ዛፍ በቅሏል፣ እንዲበቅልም ተትቷል። ግራና ቀኝ ባለው መድረክ ላይ 186 የብረት ሰሌዳዎች ተነጥፈዋል፤ የጀርመን ባቡር ድርጅት በ1998 ያስመረቀው መታሰቢያ ነው። አንድ ሰሌዳ አንድ ባቡር ነው፦ ቀን፣ የሰው ቁጥር፣ ከበርሊን ወዴት። የመጀመሪያው "18.10.1941፣ በርሊን – ዉች" ይላል። አንድ ሰው ጽጌረዳ አስቀምጦበታል፣ ሌላው ጠጠር። እትዬ ከቦርሳቸው ግማሽ ሎሚ ያወጣሉ ብዬ ሰግቼ ነበር። አላወጡም። አማተቡና ቆሙ።

ሰዎቹን ሌቬትሶቭ ጎዳና ላይ ባለ ምኩራብ ሰብስበው ነው ያመጧቸው። ከፊሎቹን በእግር፣ በከተማው መሐል፣ ሰው እያያቸው። የባቡሩ ነገር ደግሞ እኔ ከማውቀው የተለየ ነው። የከብት ፉርጎ አልነበረም። ሦስተኛ ማዕረግ የሰው ባቡር ነው፣ ወንበርና መስኮት ያለው። የከብቱ ፉርጎ ኋላ መጣ።

ትኬትም ነበረው። ባቡር ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ሰው በኪሎ ሜትር 4 ፌኒግ ያስከፍል ነበር። ከአሥር ዓመት በታች የሆነ ልጅ በግማሽ ዋጋ፣ ከአራት ዓመት በታች በነፃ። ከ400 ሰው በላይ ከሆነ የቡድን ቅናሽ አለ፣ በግማሽ። ጠባቂዎቹ ደርሶ መልስ ይቆረጥላቸዋል። ለተጋዦቹ መሄጃ ብቻ። ሂሳቡ የሚላከው ለጌስታፖ፣ ለናዚው ምስጢር ፖሊስ ሰዎች ነው፣ እነሱ ደግሞ ብሩን የሚያወጡት ከራሳቸው ከአይሁዶቹ ነው። እስከ ዉች ያለው መንገድ 450 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ በሙሉ ዋጋ 18 ማርክ፣ በቅናሽ 9 ማርክ ይመጣል። ስልኬ ላይ ደምሬው ለእትዬ ነገርኳቸው። የሐሙሱን 74 ዩሮዬን ሳስብ ነበር የደመርኩት፣ እውነቱን ለመናገር።

እትዬ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "እማዬም ከፍላለች" አሉ።

"ምኑን?"

"የጥይት።"

አጎቴ በቀይ ሽብር መገደሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ፎቶው እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቅ እንደነበረም እንደማንኛውም ሰው ሰምቻለሁ። የኛ ቤት መክፈሉን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

"ስንት ነበር?"

"ምን ያደርግልሃል ስንቱ።"

የመጨረሻው ሰሌዳ ማርች 27፣ 1945 ይላል። 18 ሰው፣ ወደ ቴሬዚንሽታት ካምፕ። ቀዮቹ የሩሲያ ወታደሮች በርሊን ሊደርሱ ሳምንታት ሲቀራቸው፣ አገሩ በቦንብ ሲፈርስ፣ ለ18 ሰው ባቡር ተገኘ።

ከዚያው ተሳፍረን ቫንዜ ወረድንና አውቶቡስ 114 ያዝን። ሐይቁ ዳር ያለው ቪላ እንደ ሠርግ አዳራሽ ያምራል፤ መግቢያው በነፃ ነው። ጃንዩዋሪ 20፣ 1942 የናዚው የደህንነት ሹም ራይንሃርድ ሃይድሪሽና ሌሎች ባለሥልጣናት በጠቅላላው 15 ሰው ሆነው እዚህ ተሰብስበዋል። ከ15ቱ ስምንቱ ዶክተር ናቸው። የጥሪ ደብዳቤው ከስብሰባው በኋላ ቁርስ መኖሩንም ይገልጻል። የሃይድሪሽ ሠራተኛ የነበረው አዶልፍ አይሽማን ባዘጋጀው ቃለ ጉባኤ ውስጥ አንድ ገጽ ዝርዝር አለ፤ የአውሮፓ አገሮችና ያላቸው አይሁድ ብዛት። አልባኒያ 200። አየርላንድ 4,000። ኢስቶኒያ አጠገብ ቁጥር የለም፣ "ከአይሁድ የጸዳች" ተብሏል። ድምሩ ከ11 ሚሊዮን በላይ።

ብዙ ሰው የአውሮፓ አይሁድ ግድያ እዚህ የተወሰነ ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ግን በዚያ ቀን ኩልምሆፍ ሥራ ከጀመረ ከወር በላይ ሆኖታል። በምሥራቅ በኩል በጥይት ያለቀው ደግሞ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። እዚህ የመጡት መሥሪያ ቤቶቹን ለማቀናጀት ነው።

እትዬ ሁለተኛው ክፍል ላይ "እግሬ" ብለው ወጡ። ስወጣ ሐይቁን እያዩ ቆሎ ሲበሉ አገኘኋቸው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19 – በርሊን

ጠዋት ቅዳሴ። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን መሐል ከተማ ወጣሁ። ብራንደንቡርግ በር አጠገብ ያለው ትልቁ መታሰቢያ 2,711 የሲሚንቶ ብሎኮች አሉት። ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔን አልያዘኝም። ልጆች ድብብቆሽ ይጫወቱበታል፣ አንድ ጎረምሳ ላዩ ላይ ወጥቶ ሳንድዊች ይበላል። ከሥሩ ያለው ሙዚየም ሌላ ነገር ነው፣ ግን ሰልፉ ረጅም ስለነበር ጥዬው ሄድኩ።

ሮዘን ጎዳና ግን ተቀመጥኩ። ፌብሩዋሪ 1943 መጨረሻ ላይ ጌስታፖ በርሊን የቀሩትን አይሁዶች ከየፋብሪካው አፈሰ። ከእነሱ ውስጥ አይሁድ ያልሆነች ሚስት ያላቸውን እዚህ በነበረ ሕንፃ አጎራቸው። ሚስቶቹ መጡ። "ባሎቻችንን መልሱ" እያሉ በብርዱ ለቀናት አልንቀሳቀስ አሉ። አብዛኞቹ ወንዶች ተለቀቁ። የተለቀቁት በሴቶቹ ጩኸት ነው ወይስ መጀመሪያም ሊያግዟቸው አላሰቡም በሚለው የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ሴቶቹ ግን ሲወጡ ይህን አያውቁም ነበር። በር ላይ ቆመው ስለሚጮሁ እናቶች የሰማኋቸው የአገሬ ታሪኮች ሁሉ መጡብኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20 – ወደ ዉች

እትዬ ለአምስት ሰዓት መንገድ የአምስት ቀን ስንቅ ቋጠሩልኝ። ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በፌስታል የታሰረ በርበሬ። "ፖላንድ በርበሬ አለ እንዴ?" ሻንጣዬን ከፍ አድርገው "ይሄ ሃያ ሦስት ኪሎ አይሞላም" አሉ። ቦሌ ላይ ሚዛን ፊት ቆሞ ያላበው ሐበሻ ሁሉ ይህን ንግግር ያውቀዋል። ተጋዦቹ የተፈቀደላቸው 50 ኪሎ ነበር። በዚያ ልክ ሲመርጡ፣ ሲያወጡ፣ ሲመልሱ ያደሩበት ክፍል ምናልባት ይኸው እትዬ ድርቆሽ የሚቋጥሩበት ነው።

ፖዝናን ላይ ባቡር ቀየርኩ። የከተማዋ ስም በላቲን ሲጻፍ "ሎድዝ" ነው የሚመስለው። "ሎድዝ? ሎድዝ?" እያልኩ ሦስት ሰው ጠየቅኩ፣ ሦስቱም ትከሻቸውን ነቀነቁ። አራተኛዋ ትኬቴን አየችና "አሃ፣ ዉች!" አለች። ትርጉሙ ጀልባ ማለት ነው አሉኝ። ጀልባ የሚሄድበት ወንዝ ግን የላትም።

ጥፋቴ እዚህ አላበቃም። ከተማዋ ከአንድ በላይ ባቡር ጣቢያ እንዳላት ሳላጣራ "ዉች" የሚል ሳይ ዘልዬ ወረድኩ። ቪጄቭ የሚባል የዳር ሰፈር ነው። ዝናብ። ባቡሬ ጭራውን እያሳየኝ ሄደ። አንድ ሰዓት ጠብቄ ሌላ ያዝኩ።

ያደርኩባቸው ሴትዮ ባዶ ክፍል የሚያከራዩ ባልቴት ናቸው፤ ለአንድ ሌሊት 150 ዝሎቲ፣ ወደ 35 ዩሮ። የምንግባባው በስልክ አስተርጓሚ ነው። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝና "አበበ ቢቂላ!" ብለው በባዶ እግር የሚሮጥ ሰው አስመሰሉልኝ። ማታ ፒዮትርኮቭስካ የሚባለው ረጅም ጎዳና ላይ ዡሬክ የሚሉትን ሾርባ በላሁ፣ 24 ዝሎቲ። ከተቦካ ሮገን የሚሠራ ነው፣ ውስጡ እንቁላልና ቋሊማ አለ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ስቀምስ ሳቄ መጣ። የእትዬ እርሾ! በርበሬውን አውጥቼ ነሰነስኩበት። አስተናጋጁ አየኝ እንጂ ምንም አላለኝም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21 – ባውቲ

ባውቲ የዉች ድሃ ሰፈር ነው። ያን ጊዜም ድሃ ነበር፣ አብዛኛው ቤት የቧንቧ ውኃም የፍሳሽ መውረጃም አልነበረው፤ ለዚህ ነው የመረጡት። ጀርመኖች ከተማዋን ሊትስማንሽታት ብለው ስሟን ቀየሩና በኤፕሪል 30፣ 1940 ጌቶውን፣ አይሁዶቹን ያጎሩበትን ሰፈር፣ ዘጉ። ወደ 160,000 ሰው አራት ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ በምትሆን መሬት ላይ። ትራም የሚሄድበትን ዋና መንገድ ለሌላው ከተማ ሰው ስለፈለጉት፣ መንገዱን ከጌቶው ውጭ አደረጉና ለአይሁዶቹ የእንጨት ድልድይ ከላይ ሠሩላቸው። ከላይ የተራበ ሰው ይሻገራል፣ ከሥር ትራም ሥራ የሚሄድ ሰው ይዞ ያልፋል። እኔ ዛሬ በዚያው ጎዳና በትራም አለፍኩ። ድልድይ የለም። አንዲት ልጅ መስኮቱ ላይ በጣቷ ልብ ትሥላለች።

ባውቲ ገበያ ዛሬም ገበያ ነው። ፖም ኪሎው 4 ዝሎቲ፣ ጎመን፣ የጎማ ቦት፣ የሴት ካልሲ። የጀርመኑ የጌቶ አስተዳደር ቢሮ እዚህ ነበር። አስተዳዳሪው ሃንስ ቢቦቭ ከናዚ በፊት ሥራው ምን ነበር ቢባል፣ ብሬመን ውስጥ ቡና ነጋዴ። ይህን ሳነብ ቡናው ከየት ይመጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ጌቶውን እንደ ንግድ ነው ያስኬደው። ልብስ ስፌት፣ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ ለጀርመን ጦር ዩኒፎርም። ለሚሠራ ሾርባ አለ። ከውጭ የገባ ሰው ገንዘቡን አስረክቦ ከጌቶው ውጭ ምንም የማይገዛ የጌቶ ብር ይቀበላል። ሰዉ በጌቶው የአይሁድ ሹም በሃይም ሩምኮቭስኪ ስም "ሩምኪ" ይለው ነበር።

ሩምኮቭስኪ በሥራ እንድናለን ብሎ ያመነ ሰው ነው። ሴፕቴምበር 4፣ 1942 አደባባይ ወጥቶ እናቶችን ልጆቻችሁን ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። ጀርመኖቹ ከአሥር ዓመት በታች ያሉትን፣ ሽማግሌዎቹንና በሽተኞቹን ፈልገዋል። ከ15,000 በላይ ሰው ተወሰደ። እሱ ራሱ በኦገስት 1944 ከነቤተሰቡ ወደ አውሽቪትዝ ተጫነ። እዚህ ሰውዬ ላይ ለመፍረድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ይቅር ለማለትም አልሆነልኝም።

ራደጋስት ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሰማያዊ ትራም፣ ከዚያ የሃያ ደቂቃ እግር፣ የመኪና ጋራዦችና የግንባታ ዕቃ መጋዘኖች መሐል። የእንጨት ጣቢያ ነው፣ እንደ ገጠር ትምህርት ቤት ያለ። ከበርሊን፣ ከቪየና፣ ከፕራግ፣ ከፍራንክፈርት፣ ከሌሎችም ወደ 20,000 አይሁድ በኦክቶበርና በኖቬምበር 1941 የወረደው እዚህ ነው። እዚሁ መድረክ ላይ ሻንጣና ካፖርት ይዘው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ በጭቃው ቆመው። የዉች ሰዎች በልብሳቸው ተገርመው ነበር ይባላል። በሰባት ወሩ፣ ሜይ 1942፣ ከ10,000 በላይ የሚሆኑትን እዚሁ መልሰው ጫኗቸው። ወደ ኩልምሆፍ። እዚያ የጋዝ ክፍል አልነበረም፣ የጭነት መኪና ነው። የጭስ ማውጫውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ሰው ሞልተው፣ ዘግተው ሞተር ያስነሳሉ። በዚያች መንደር ቢያንስ 150,000 ሰው አልቋል።

ሐዲዱ ላይ የከብት ፉርጎዎች ቆመዋል። ገባሁ፣ ወዲያው ወጣሁ። ከጎኑ ረጅም የሲሚንቶ ዋሻ አለ። ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ በየባቡሩ የተጫኑት ሰዎች ስም ዝርዝሮች ተደርድረዋል። በታይፕ የተመቱ፣ ስምና የትውልድ ቀን፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ። ስልኬ ላይ የእትዬን በር ሦስት ስሞች ይዤ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። የበርሊንን አገኘሁ። መስታወቱ ሥር የተዘረጋው ገጽ ግን ሌላ ፊደል ነበር።

ደወልኩላቸው። "አገኘሃቸው?"

"ሌላ ገጽ ላይ ናቸው፣ እትዬ።"

"ይሁን። በልተሃል?"

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22 – መቃብሩና የሌሊት አውቶቡስ

የአይሁድ መቃብሩ ብራትስካ ጎዳና ላይ ነው። ወንድ ራሱን መሸፈን አለበት፤ የሹራብ ኮፍያዬን አደረግኩ። በ1892 የተከፈተ ነው፣ በአውሮፓ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። የፋብሪካ ባለቤቶቹ መቃብር ቤተ መንግሥት ያህላል። የጌቶው ጊዜ ሜዳ ግን ሣር ብቻ ነው፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ምልክት። ጌቶው ውስጥ በረሃብና በበሽታ ብቻ ከ43,000 በላይ ሰው ሞቷል።

አጥሩ ሥር ጥቂት ጉድጓዶች አሉ። ጌቶው ባዶ ከሆነ በኋላ ጀርመኖች ቤቶቹን እንዲያጸዱ ከ800 በላይ ሰው አስቀርተው ነበር። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ለእነሱ ነው። የሶቪየት ጦር በጃንዩዋሪ 19፣ 1945 ቀድሞ ገባ። ጉድጓዶቹን ማንም አልደፈነም። ቅጠል ሞልቶባቸዋል።

የመልሱ የሌሊት አውቶቡስ 39 ዩሮ፣ ማሞቂያው ተበላሽቶ። ሾፌሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ካለኝ ልብስ ሁሉ ደረብኩና ድርቆሹን ጨረስኩ። ጎኔ የነበረ ዩክሬናዊ ጎረምሳ ዳቦ ቆሎ አቀመስኩትና እስከ ፍራንክፈርት ጓደኛዬ ሆነ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23 – ፍራንክፈርት፣ ኦስትኤንድ

ሁለት ሰዓት ተኝቼ ብስክሌቴን አወጣሁ። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ያ መስታወት ሕንፃ እግሩ ሥር ረጅም የድሮ የጡብ አዳራሽ አለው። የአትክልት ተራ ነበር። ከኦክቶበር 1941 ጀምሮ ጌስታፖ ምድር ቤቱን ተከራይቶ የፍራንክፈርትን አይሁድ የሚሰበስብበት አደረገው። ከላይ ቲማቲምና ጎመን ይሸጣል፣ ከሥር ሰው ይፈተሻል። ከ10,000 በላይ ሰው በዚያ አልፏል። የመጀመሪያዎቹ እሑድ፣ ኦክቶበር 19 በጠዋት ከየቤታቸው የተወሰዱ ናቸው፣ ከ1,100 በላይ። የሄዱትም ወደ ዉች ነው። እኔ የመጣሁበት።

በዚህ በኩል ሥራ ስሄድ አራት ዓመቴ ነው። ከጎኑ ልጆች በስኬትቦርድ የሚዘሉበት መናፈሻ አለ፣ ቅዳሜ እኔም ኳስ እጫወትበታለሁ። መሬቱ ላይ፣ ሲሚንቶው ውስጥ ጽሑፍ ተቀርጿል። ከዚህ የተጋዙ ሰዎችና ያዩ ሰዎች የተናገሩት ነው። ብስክሌቴን አጋድሜ ጎንበስ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ከኋላዬ ደወል ጮኸ።

"ይሄ የብስክሌት መንገድ ነው!" አለኝ ሰውዬው።

ልክ ነበር። ብስክሌቴን አነሳሁና ወደ ሣሩ ፈቀቅ አልኩ።